ክኒኑ ረክሷል፤ የእግር ዋጋ ግን አልቀነሰም

የነርቭ ሕመም መድኃኒት ገበያና ያልተለካው የደም ዝውውር

ደላላ ካፒታሉ እግሩ ነው። ቢሮ የለው፣ መጋዘን የለው፤ ከሰባተኛ እስከ ሲኒማ ራስ፣ ከሲኒማ ራስ እስከ ጎጃም በረንዳ እየተመላለሰ ሻጭና ገዢ ያገናኛል፣ ኮሚሽኑን ይቀበላል። ባለሱቁም ቢሆን ቀኑን ሙሉ ከባንኮኒው ኋላ ቆሞ ይውላል። ይሁን እንጂ የዕቃውን ቆጠራ ሰኔ 30 ላይ አንድ በአንድ አካሂዶ መዝገቡን የሚዘጋው ነጋዴ፣ ለዚህ ለዋናው ካፒታሉ ቆጠራ ሲያደርግ አይታይም። ማታ ውስጥ እግሩ እንደ እሳት ሲለበልበው «ድካም ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ሲብስበት ጎረቤት ፋርማሲ ጎራ ብሎ «ለነርቭ የሚሆን ነገር ስጡኝ» ይላል። የሚሰጠውም አያጣም።

ያ «ለነርቭ የሚሆን ነገር» በዓለም ላይ በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ገበያ አለው። የገበያው ታሪክም ለነጋዴ ብዙ ያስተምራል፤ ውድ ዕቃ ሁልጊዜ ከርካሹ ይሻላል የሚለውን የለመድነውን ግምት ያፈርሳልና። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ያሳያል። በእጅና በእግር ላይ ሥር የሰደደ የነርቭ ሕመም ያለበት ሰው ሁለት ሒሳብ አለው፤ አንዱ የነርቩ፣ ሌላው የደም ዝውውሩ። ክኒኑ የሚያወራርደው የመጀመሪያውን ነው፤ እሱንም በከፊል። ሁለተኛው ሒሳብ የሚታወቀው ሲለካ ብቻ ሲሆን፣ ልኬታውም ከሐኪም ሁለት ጣቶች ይጀምራል። እግር የሚታጣው የሁለቱ ኪሳራ ሲደመር ነው።

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሕመሙ ምንጭ

ነርቭ መልእክት የሚያመላልስ ሽቦ ነው እንበል። ሽቦው ሲጎዳ፣ ጫፉ ላይ ምንም ሳይደርስ «ተቃጠልሁ፣ ተወጋሁ» የሚል የሐሰት መልእክት ወደ አንጎል ይልካል። ሕመምተኞች የሚናገሩትም ይህንኑ ነው፤ ማቃጠል፣ መጠዝጠዝ፣ እንደ መርፌ መውጋት፣ ጉንዳን የሚሄድበት ይመስል ውርር ማለት፣ አንዳንዴም አንሶላ ሲነካው እንኳ መቆጥቆጥ። ብዙውን ጊዜ ከሁለቱም እግር ጣቶች ይጀምርና ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ሌሊት ይብሳል።

ቀዳሚው ምክንያት የስኳር ሕመም ነው። የዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ግምት እንደሚያሳየው፣ በ2024 በዓለም ላይ 589 ሚሊዮን ያህል ዐዋቂዎች ስኳር ነበረባቸው። ስኳር ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ በዕድሜያቸው የነርቭ ጉዳት ያገኛቸዋል። ነርቩ የተጎዳ ሁሉ ግን ሕመም አይሰማውም። ይህን ነጥብ አንባቢ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ሌሎችም ምክንያቶች አሉ። አልማዝ ባለጭራ የወጣበት ሰው ቁስሉ ከዳነ በኋላ ለወራት ሊያቃጥለው ይችላል። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የመጠጥ ብዛትና የሥጋ ደዌ ነርቭን ይጎዳሉ። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው አይሶናያዚድም እንዲሁ ስለሚያደርግ ነው ቫይታሚን ቢ6 አብሮት የሚታዘዘው። ለኤች አይ ቪ ይሰጥ የነበረው ስታቩዲን ብዙ ሰው በእግር ማቃጠል ካሠቃየ በኋላ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 አገሮች ደረጃ በደረጃ እንዲተውት መክሯል። ስለዚህ «ለነርቭ» ከመጠየቅ በፊት «ከምን የመጣ ነርቭ?» የሚለው ጥያቄ ይቀድማል። ምክንያቱ ካልታወቀ የሚገዛው ዕቃ በጨለማ የተገዛ ዕቃ ነው።

ከ430 ሚሊዮን ቅጣት እስከ 5 ቢሊዮን ሽያጭ

አሁን ወደ ገበያው እንግባ። ጋባፔንቲን በአሜሪካ እንዲሸጥ የተፈቀደው በ1993 መጨረሻ ሲሆን፣ ፈቃዱም ለሚጥል በሽታ ነበር። የንግድ ስሙ ኒውሮንቲን፣ አምራቹም የዋርነር-ላምበርት ኩባንያ ክፍል የነበረው ፓርክ-ዴቪስ ነበር። በአሜሪካ ሕግ ሐኪም አንድን መድኃኒት ፈቃድ ላልተሰጠበት ሕመም ሊያዝዘው ይችላል፤ ኩባንያው ግን ለዚያ ሕመም ሊያስተዋውቀው አይችልም። ኩባንያው ይህን አጥር ዘልሎ መድኃኒቱን ለልዩ ልዩ ሕመሞች ሲያስተዋውቅ ቆየ። አልማዝ ባለጭራ ለሚተወው ሕመም ሕጋዊ ፈቃድ የተገኘው በ2002 ነው። በ2000 ዋርነር-ላምበርትን የጠቀለለው ፋይዘር በ2004 ጥፋተኝነት ታምኖ 430 ሚሊዮን ዶላር ተከፈለ። ነጋዴ ቅጣትን ከሽያጭ ጋር ያመዛዝናል፤ የኒውሮንቲን የ2003 ሽያጭ ብቻ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር።

በዚያው በ2004 የጋባፔንቲን ርካሽ ቅጂዎች ገበያ ላይ ሲወጡ፣ ፋይዘር ተተኪውን አዘጋጅቶ ነበር። ፕሪጋባሊን ይባላል፤ የንግድ ስሙ ሊሪካ ነው። ሞለኪውሉ የተገኘው በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ፕሮፌሰሩ በሪቻርድ ሲልቨርማን ቤተ ሙከራ ነው። ዩኒቨርሲቲው በ2007 ከመድኃኒቱ የሚያገኘውን የሮያሊቲ መብት አብዛኛውን ክፍል በ700 ሚሊዮን ዶላር ሸጧል። አንድ ዩኒቨርሲቲ ከአንድ ክኒን ይህን ያህል ማግኘቱ የገበያውን ስፋት ይናገራል። የሊሪካ ዓመታዊ ሽያጭ በ2018 ወደ 5 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋ ነበር።

ከዚያ አጥሩ ፈረሰ። በሐምሌ 2019 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ለዘጠኝ ኩባንያዎች በአንድ ጊዜ የፕሪጋባሊን ቅጂ እንዲሸጡ ፈቀደ። ከመካከላቸው በርካታዎቹ የሕንድ ናቸው። አንድ ሻጭ የነበረበት ገበያ በአንድ ጀንበር ዘጠኝ ተፎካካሪ ሲገባበት ዋጋው ምን እንደሚሆን ለእህል በረንዳ ነጋዴ ማስረዳት አያስፈልግም። ሦስተኛው የኢላይ ሊሊ ዱሎክሴቲን ነው፤ የንግድ ስሙ ሲምባልታ፣ የባለቤትነት መብቱ ያበቃውም በ2013 መጨረሻ ነው።

አራተኛው ዕቃ የእነዚህ ሁሉ ታላቅ ነው። አሚትሪፕቲሊን ለድብርት ሕክምና በአሜሪካ የተፈቀደው በ1961 ነበር። በአነስተኛ መጠን ማታ ሲወሰድ የነርቭ ሕመምን እንደሚያበርድ ከታወቀ አሥርተ ዓመታት አልፈዋል። የባለቤትነት መብቱ ካበቃ ቆይቷል፤ ማንም ፋብሪካ ሊሠራው ይችላል፤ ዋጋውም ከሁሉ ዝቅተኛ ነው። ችግሩ አስተዋዋቂ የሌለው ዕቃ መሆኑ ነው። ትርፍ የማያመጣን ክኒን ይዞ ሐኪም ቤት የሚያንኳኳ ወኪል አይኖርም።

ውድና ርካሽ ፊት ለፊት

ነጋዴ የሚጠይቀው ግልጽ ነው፤ «የቱ ይሠራል?» ሐኪሞች ለዚህ አንድ መለኪያ አላቸው። አንድ ሰው ሕመሙ በግማሽ እንዲቀልለት ለስንት ሰው መድኃኒቱን መስጠት ያስፈልጋል? ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ዕቃው የተሻለ ነው። በ2015 ላንሴት ኒውሮሎጂ በተባለው መጽሔት የወጣ ሰፊ ግምገማ ቁጥሮቹን እንዲህ አስቀምጧቸዋል። አሚትሪፕቲሊንና መሰሎቹ 3.6፣ ዱሎክሴቲንና መሰሎቹ 6.4፣ ጋባፔንቲን 7.2፣ ፕሪጋባሊን 7.7።

በዚህ ስሌት ርካሹ አንደኛ ወጣ። ነገር ግን የአሮጌው መድኃኒት ጥናቶች ራሳቸው አሮጌና ትንንሽ ናቸው፤ ትንሽ ጥናት ደግሞ ውጤትን ማጋነኑ የታወቀ ነው። ስለዚህ ፊት ለፊት ማወዳደር አስፈለገ። ይህንን ያደረገው በእንግሊዝ አገር በሼፊልዱ ፕሮፌሰር ሰሎሞን ተስፋዬ የተመራው፣ በ2022 በላንሴት የታተመው ኦፕሽን-ዲኤም የተባለ ጥናት ነው። የስኳር ሕመም የነርቭ ሥቃይ ያለባቸው 130 ሰዎች በአሚትሪፕቲሊን፣ በዱሎክሴቲንና በፕሪጋባሊን በየተራ ታከሙ፤ አንዱ ብቻውን ካልበቃም ሁለተኛ ተጨመረበት። ሲጀመር ከ10 ነጥብ 6.6 የነበረው ሥቃያቸው ከ16 ሳምንት በኋላ በሦስቱም መንገድ 3.3 ሆነ። እኩል ወጡ ማለት ነው።

ልዩነቱ የታየው በጎንዮሽ ጉዳት ነው። አሚትሪፕቲሊን አፍ ያደርቃል፤ ፕሪጋባሊን ያዞራል፤ ዱሎክሴቲን ያቅለሸልሻል። ስለዚህ ምርጫው የሚወሰነው በዋጋውና በገዢው ሰውነት ነው። የልብ ምት መዛባት፣ የግላኮማ ወይም የፕሮስቴት ችግር ያለባቸው ሰዎች አሚትሪፕቲሊንን በራሳቸው ፈቃድ መጀመር የለባቸውም። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ደግሞ የጋባፔንቲንና የፕሪጋባሊን መጠን ሊቀነስለት ይገባል። ሁሉም በትንሽ ተጀምረው ቀስ በቀስ የሚጨመሩ ናቸው፤ ውጤታቸው በሳምንታት እንጂ በአንድ ሌሊት አይታይም። በድንገትም አይቋረጡም።

አንድ ሌላ ነገር ከቁጥሩ ውስጥ መነበብ አለበት። ከ6.6 ወደ 3.3 መውረድ ሥቃዩ በግማሽ መቀነስ ነው፤ መጥፋት አይደለም። «ፈጽሞ ያድናል» ተብሎ የሚሸጥ የነርቭ መድኃኒት ካለ ሻጩ ከጥናቱ በላይ እየተናገረ ነው። የተጎዳውን ነርቭ ወደነበረበት የሚመልስ ክኒን ከአራቱ መካከል የለም። ጉዳቱን በጊዜው የሚከላከለው ስኳሩን መቆጣጠር ነው። በ1993 የታተመው የአሜሪካና የካናዳ ጥናት፣ አንደኛው ዓይነት ስኳር ባለባቸው 1,441 ሰዎች ላይ ጥብቅ ቁጥጥር የነርቭ ጉዳትን በ60 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል።

በእኛ ባንኮኒ ላይ

አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ኬኔት አሮው በ1963 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የሕክምና ገበያ ከሌላው ገበያ የሚለየው ገዢው የሚገዛውን ለይቶ ስለማያውቅ እንደሆነ አስረድቶ ነበር። ጤፍ ገዢ እፍኝ ዘግኖ፣ በጣቱ አሽቶ ማኛውን ከሰርገኛው ይለያል። ክኒን ገዢ የሚያየው ማሸጊያውን ብቻ ነው።

አገራችን አብዛኛውን መድኃኒት ከውጭ ታስገባለች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ፋብሪካው በር ላይ የረከሰው ክኒን እዚህ ሲደርስ ለምን እንዳልረከሰ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ያም ሆኖ ገዢው በእጁ የሚገኝ አንድ መሣሪያ አለው፤ በንግድ ስም ሳይሆን በመድኃኒቱ በራሱ ስም መጠየቅ። «ሊሪካ አላችሁ?» የሚልና «ፕሪጋባሊን 75 ሚሊግራም ከየትኛው ፋብሪካ አላችሁ?» የሚል ሰው አንድ ዋጋ አይነገረውም። ከነማንና ቀይ መስቀልን የመሰሉ ፋርማሲዎችን አስቀድሞ መጠየቅም ከመርካቶ ልምድ የተለየ አይደለም፤ ዋጋ ማጣራት ነው።

በዚህ ባንኮኒ ላይ ሦስት የተለመዱ ብክነቶች አሉ።

አንደኛው ተራው የሕመም ማስታገሻ ነው። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለተወለከፈ ቁርጭምጭሚት እንጂ ለተጎዳ ነርቭ እምብዛም አይረዱም። ስኳርና ደም ግፊት ያለበት ሰው ለወራት ሲወስዳቸው ደግሞ ኩላሊቱን ሊጎዱት ይችላሉ። ሥቃዩ ሳይቀንስ ሌላ ዕዳ ይጨመራል።

ሁለተኛው «የነርቭ ቫይታሚን» ነው። ኒውሮቢዮንን የመሰሉት ምርቶች ቢ1፣ ቢ6 እና ቢ12 የያዙ ናቸው። ቢ12 የጎደለው ሰው ቢ12 ያስፈልገዋል፤ ይህ አያከራክርም። ለስኳር የሚሰጠው ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ቢ12ን እንደሚቀንስ የታወቀ ሲሆን፣ ቢ12 የሚገኘውም ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው። ስለዚህ ሜትፎርሚን የሚወስድና ረዘም ያሉትን አጽዋማት የሚጾም ሰው የደም ምርመራውን ሐኪሙን ቢጠይቅ ገንዘቡ በከንቱ አይወጣም። ያልጎደለውን መሙላት ግን ትርፍ የለውም። እንዲያውም ቢ6 በብዛት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ነርቭ ይጎዳል። መድኃኒት ተብሎ የተገዛው ነገር ሕመሙን ሊያመጣ ይችላል ማለት ነው።

ሦስተኛው የዱባይና የጅዳ ተመላላሽ ነጋዴዎችን ይመለከታል። ፕሪጋባሊን ሱስ ሊያስይዝ ስለሚችል ብዙ አገሮች ቁጥጥር አድርገውበታል። እንግሊዝ በሚያዝያ 2019 ፕሪጋባሊንንም ጋባፔንቲንንም ቁጥጥር ከሚደረግባቸው መድኃኒቶች ተራ አስገብታለች። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስና ሳዑዲ ዓረቢያም ፕሪጋባሊንን ይቆጣጠራሉ። ያለ ሐኪም ማዘዣና ያለ ቅድመ ፈቃድ በሻንጣ ይዞ መግባት፣ ወይም «ለዘመድ አድርስልኝ» የተባለን መቀበል፣ ለእግር የታሰበን ክኒን የፖሊስ ጉዳይ ሊያደርገው ይችላል።

ሁለተኛው ሒሳብ፦ ደሙ ይደርሳል ወይ?

እስካሁን ያየነው ሁሉ የመጀመሪያው ሒሳብ ነው። ሁለተኛው ዝም ያለ ሒሳብ ነው። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ኮሌስትሮልና ሲጋራ ወደ እግር የሚወርዱትን የደም ሥሮች ያጠብባሉ። ደም ያልደረሰው እግር ትንሽ ቁስል እንኳ መጠገን ያቅተዋል።

ሁለቱ ሕመሞች በጠባያቸው ይለያሉ። የነርቩ ሕመም ተቀምጦም ተኝቶም ያቃጥላል፤ እግሩ ብዙ ጊዜ ሞቃት ነው፤ ቆዳው ይደርቃል። የደም እጥረት ሕመም ግን ሲራመዱ ባትን ይይዛል፤ ለጥቂት ደቂቃ ሲቆሙ ይለቃል፤ እንደገና ሲራመዱ ይመለሳል። አንድ ሱቅ አልፎ ሌላው ደጃፍ ላይ ዕቃ የሚያይ መስሎ የሚቆም ሰው ምናልባት የሚያየው ዕቃ ላይኖር ይችላል። ሲብስ ሌሊት ጣቶቹን ያመዋል፤ እግሩን ከአልጋው ወደ ታች ሲያንጠለጥል ይቀልለዋል። እግሩ ይቀዘቅዛል፤ ከፍ ሲደረግ ይገረጣል፤ ወደ ታች ሲወርድ ይቀላል ወይም ይጠቁራል፤ ፀጉሩ ይረግፋል።

የስኳር ሕመምተኛ ጣጣ ሁለቱ አብረው መምጣታቸው ነው። ነርቩ ስለደነዘዘ ባቱ ላይ ሊሰማው የሚገባው የደም እጥረት ምልክት አይሰማውም። ሕመሙን ክኒን ሲያበርድለት ደግሞ ጭራሽ ሰላም የወረደ ይመስለዋል። ስለዚህ ምልክት መጠበቅ አያዋጣም፤ መለካት ነው።

ልኬታው በደረጃ ነው። የመጀመሪያው የሐኪሙ ጣቶች ናቸው። አንደኛው የደም ሥር በእግር የላይኛው ገጽ ላይ፣ ሁለተኛው ከውስጠኛው የቁርጭምጭሚት አጥንት ኋላ ይመታል። ትርታቸው በግልጽ መሰማቱ መልካም ዜና ነው። አለመሰማቱ፣ ወይም በአንዱ እግር ተሰምቶ በሌላው መጥፋቱ፣ ወደሚቀጥለው ደረጃ ያሻግራል። ትርታው ቢሰማም ሌሎች ምልክቶች ካሉ ሁለተኛው ልኬታ አይቀርም።

ሁለተኛው ደረጃ የቁርጭምጭሚትና የክንድ የደም ግፊት ንጽጽር ነው። የተለመደው የግፊት መለኪያና የደሙን ፍሰት በድምፅ የሚያሰማ በእጅ የሚያዝ ዶፕለር ይበቃሉ። የቁርጭምጭሚቱ የላይኛው ቁጥር ለክንዱ የላይኛው ቁጥር ይካፈላል። ክንድ ላይ 150፣ ቁርጭምጭሚት ላይ 105 ከተገኘ ውጤቱ 0.70 ነው። ከ1.0 እስከ 1.4 ጤነኛ ነው፤ 0.90 እና ከዚያ በታች የደም ሥር መጥበብን ያሳያል፤ ከ0.50 በታች ከሆነ ነገሩ አሳሳቢ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በስኳር ሕመምተኞች የደም ሥሩ ግድግዳ ስለሚጠነክር መለኪያው ሊጨብጠው ያቅተውና ውጤቱ ከ1.4 በላይ ይሆናል። ይህ የጥንካሬ ምልክት አይደለም፤ የተጋነነ የሒሳብ መግለጫ ነው። ያን ጊዜ የአውራ ጣቱን ግፊት ወይም የደም ሥር አልትራሳውንድ ማየት ይገባል።

ሦስተኛው የነርቩ የራሱ ፈተና ነው። 10 ግራም በሚመዝን ግፊት የሚታጠፍ ቀጭን የናይለን ክር ውስጥ እግርን ይነካል፤ ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ ሲነካ ይናገራል። ክሩ ታጥፎ ሰውየው ካልተሰማው የመከላከያ ስሜቱ ጠፍቷል ማለት ነው።

ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም እግር የሥራ ቡድን ለዚህ ምርመራ የጊዜ ሰሌዳ አውጥቷል። ስሜቱም ደሙም ደኅና የሆነ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከሁለቱ አንዱ የጎደለው ከ6 እስከ 12 ወር፣ ሁለቱም የጎደሉት ከ3 እስከ 6 ወር፣ ከዚህ በፊት ቁስል ወይም መቆረጥ የደረሰበት ደግሞ ከ1 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ይመረመራል። አደጋው በጨመረ ቁጥር የክፍያው ቀን ይቀራረባል፤ የባንክ ብድር ያህል የተለመደ አሠራር ነው።

በቤት ውስጥ የሚደረግ ክትትልም አለ። በአሜሪካ ከ2004 ጀምሮ የታተሙ ጥናቶች ለአደጋ የተጋለጡ ሰዎች የሁለቱን እግሮች የቆዳ ሙቀት በየቀኑ በጨረር መለኪያ እንዲያነጻጽሩ አድርገዋል፤ በኮቪድ ጊዜ በየበሩ ግንባራችን ላይ ይደገን የነበረው መሣሪያ ዘመድ ነው። በሁለቱ እግሮች ተመሳሳይ ቦታ መካከል የ2.2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ልዩነት በተከታታይ ቀናት ከታየ፣ ቁስል ከመውጣቱ በፊት እግሩን ማሳረፍና ሐኪም ማማከር ይገባል። መሣሪያው ባይኖርም ዓይንና መዳፍ አሉ፤ ማታ እግር ሲታጠቡ ቀለሙን፣ ሙቀቱን፣ ጣቶቹን መሐል ማየት። ውስጥ እግር ለራስ አይታይምና መስተዋት ወይም የቤተሰብ ዓይን ያግዛል። ውሃው ሙቅ መሆኑ በክርን ይፈተሽ፤ የቀዘቀዘን እግር ከሰል ምድጃ ላይ ማሞቅ ስሜት የጠፋበትን እግር መጥበስ ነው።

በአንድ እጅ ወይም በአንድ እግር ላይ ብቻ የሚመጣ ሕመም የተለየ ጉዳይ ነው። ከስብራት ወይም ከጉዳት በኋላ አንዱ እጅ ብቻ ቢያቃጥል፣ ቢያብጥ፣ ከሌላው ይልቅ ቢሞቅ ወይም ቢቀዘቅዝ፣ ቀለሙ ቢለወጥ፣ የደም ዝውውሩን ያዛባው ራሱ የነርቩ ሥርዓት ሊሆን ይችላል። የሕክምናው ምሰሶ ሳይዘገይ የሚጀመር የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ነው። በድንገት የገረጣና የቀዘቀዘ፣ ትርታው የጠፋ እግር ግን ቀጠሮ የለውም፤ ሰዓታት ነው ያሉት። የጠቆረ ጣትና የሚሸት ቁስልም በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል የሚያስኬዱ ናቸው።

ለባለሀብቱ ምን አለበት?

በክኒኑ ገበያ ውስጥ ዛሬ የሚገባ ሰው ያረጀ ገበያ ውስጥ ነው የሚገባው፤ ሻጩ ብዙ፣ ትርፉ ስስ፣ ምንዛሪው ውድ ነው። ባዶው ቦታ ሌላ ጋ ነው። በእጅ የሚያዝ ዶፕለር ከትልልቆቹ የራጅ መሣሪያዎች ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ካፒታል ይጠይቃል፤ የናይለኑ ክር ከዚያም ያነሰ። አንድ የሠለጠነች ነርስ፣ አንድ አልጋና የቀጠሮ መዝገብ ተጨምረውበት የእግር ምርመራ ክፍል ይሆናል። ስኳር ያለበት ሰው በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ተመልሶ ስለሚመጣ ደንበኛው ቋሚ ነው።

ሁለተኛው ጫማ ነው። ስሜት ለጠፋበት እግር ሰፊ፣ ውስጡ ስፌት የማይቆረቁር፣ ሶሉ ግፊት የሚያከፋፍል ጫማ ያስፈልጋል። ቆዳ አለን፤ በመርካቶ ዙሪያ የተሰባሰቡ ጫማ ሠሪዎች አሉን። ዕውቀቱም ከሩቅ አይመጣም። በ1958 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት፣ ስሜት ላጡ የሥጋ ደዌ ሕሙማን እግር ጫማ ሲሠራ የኖረ ተቋም ነው። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ በሕንድ አገር የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያክም፣ ጣት የሚያሳጣው ደዌው ሥጋን መብላቱ ሳይሆን ያልተሰማ ጉዳት መደጋገሙ መሆኑን ተረድቶ ነበር። በኋላም በአሜሪካ ሉዊዚያና ይህንኑ ዕውቀት ለስኳር ሕመምተኞች እግር አውሎታል። አለርትን ከጫማ ሠሪው ጋር የሚያገናኝ ደላላ ገና አልተገኘም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ማጠቃለያው እነሆ። ማታ እግሩን የሚያቃጥለው ነጋዴ ክኒኑን ቢገዛ አይወቀስም፤ እንቅልፍም ሥራም ያሻዋል። ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ ከርካሹ ቢጀምር የሚጎድልበት ነገር ላይኖር ይችላል። በዚያው ቀን ግን ጫማና ካልሲውን አውልቆ «ትርታዬን ዳስሱልኝ፣ በክሩ ፈትኑኝ» ይበል። እግሩን ሳያዩ ክኒን ብቻ የሚያዝዙለት ከሆነ የሒሳቡን ግማሽ ነው ያዩለት።

ከላይ ያቆየነው ነጥብም ይህ ነው። ለዓመታት ሲያቃጥል የኖረ እግር አንድ ቀን ያለ ምንም ሕክምና ጸጥ ካለ፣ ብዙ ሰው «ተመስገን፣ ተሻለኝ» ይላል። ጸጥታው ግን ነርቩ ጨርሶ ስለሞተ ሊሆን ይችላል። መጠየቅ ያቆመ አበዳሪ ሁሉ ዕዳውን የማረ አይደለም፤ አንዳንዱ ፍርድ ቤት ሄዶ ነው። የምርመራ ቀጠሮ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስፈልገው ለዚያ ዝም ላለው እግር ነው።